ኢንተርንሽፕ በመሃል አዲስ አበባ፦ ሳይት ወይስ አማካሪ ቢሮ?

ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ካዛንቺስ ባለው መሃል ከተማ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ለኢንተርንሽፕ የሚያንኳኳው በር ሁለት ነው፤ የሥራ ተቋራጭ ሳይት ወይም ዲዛይንና ቁጥጥር የሚሠራ የአማካሪ ድርጅት ቢሮ። ጎን ለጎን ሲመዘኑ ሳይቱ ይበልጣል። ይሁንና ሕንፃው የደረሰበት ደረጃ ከድርጅቱ ስም በላይ ወሳኝ ነው።

ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) እና ሶሌታ (የወለል አርማታ) እየተሠራ ያለበት ሳይት ምርጡ ነው። እዚያ ፌሮ (የአርማታ ብረት) ይታሰራል፣ ፎርምወርክ (አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ) ይቆማል፣ አርማታ ይሞላል፤ ወለል በጨመረ ቁጥር ዙሩ ይደገማል፣ መጀመሪያ ያመለጠህን በሚቀጥለው ወለል ታገኘዋለህ። ፊኒሺንግ ላይ የደረሰ ሕንፃ ሴራሚክና ቀለም ያስተምራል፤ ስትራክቸር ለማየት ለመጣ ተማሪ ግን ረፍዷል። ቁፋሮ ላይ ያለ ሳይት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የያዝከውን የትብብር ደብዳቤ ከማስገባትህ በፊት በአጥሩ ዙሪያ ዞረህ የስንተኛው ፎቅ ፎርምወርክ እንደቆመ እይ፣ ቀጣዩ ሙሌት መቼ እንደሆነም በር ላይ ጠይቅ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ የሚሰጥህ ሰው አትጠብቅ። ሳይት ኢንጂነሩ ይሯሯጣል፣ ፎርማኑ ሠራተኛ ያሰማራል። የስትራክቸር ድሮዊንግ ኮፒ ለምነህ ውሰድና አንድ ቢም መርጠህ የፌሮውን ዝርዝር ራስህ ሥራ። የብረቱን ዲያሜትር በሚሊሜትር በራሱ አባዝተህ ለ162 ስታካፍል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል፤ ባለ 12 ሚሊሜትሩ ፌሮ 0.89 ኪሎ ግድም ነው፣ 12 ሜትሩ ሙሉ ዘንግ 10.7 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ ስሌትህን ይዘህ ብረት ወደሚቆረጥበት ሂድ። ልዩነት ካገኘህ አብዛኛውን ጊዜ የረሳኸው ሁለት ብረት ሲቀጠል የሚያስፈልገውን የመደራረቢያ ርዝመት ወይም የስታፋውን (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት) መንጠቆ ነው። ፎርማኑን «ጋሼ፣ ይሄ ለምን ረዘመ?» ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅ ልጅ መልስ አያጣም፤ ብዙ ዓመት በእጁ የሠራ ሰው ድሮዊንግ ላይ የሌለውን ምክንያት ያውቃል።

የኢንተርንሽፑ ዋና ቀን የሙሌት ቀን ነው። ሙሌት ከመጀመሩ በፊት አማካሪው ሳይት ላይ ያስቀመጠው ተጠሪ መሐንዲስ ፌሮውን ቆጥሮና ለክቶ ይፈርማል፤ ሜትር ይዘህ ከኋላው ተከተል። ከፌሮው በታች ስፔሰር (ብረቱን ከፎርምወርኩ የሚያርቅ ትንሽ ድጋፍ) መኖሩን፣ የስታፋዎቹ ርቀት ቢሙ ኮለን ላይ ከሚያርፍበት አጠገብ መጥበቡን፣ የፎርምወርኩ ቋሚዎች እግር ለስላሳ አፈር ላይ አለማረፉን እይ። ሙሌቱ ሲጀመር ደግሞ ዓይንህን ከላይኛው ፌሮ ላይ አትንቀል። ከሕንፃው ወጥቶ በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ ብረቱ ከላይ የሚታሰረው ሸክሙ የአርማታውን የላይኛውን ፊት ስለሚስበው ነው። ባሬላ የያዙ ሠራተኞች ሲመላለሱበት ይረገጥና ወደ ታች ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ ብረቱ እያለ እንደሌለ ነው፣ ፎርምወርኩ ሲነሳ በረንዳው ከሕንፃው ጋር በተያያዘበት በኩል ይሰነጠቃል። መፍትሔው መረማመጃ ጣውላና ብረቱን ከሥር የሚደግፍ «ወንበር» የሚባል የታጠፈ ብረት ነው። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ተማሪ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ሳይት መግባት ያዋጣል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። አርማታው ሲወፍር ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። የአርማታውን ቅጥነት የሚለካውን የስላምፕ ፍተሻ ራስህ እንድትሠራ ጠይቅ፦ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለውን ሾጣጣ ቅርጽ በሦስት ድርብ ሙላ፣ እያንዳንዱን ድርብ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ውጋ፣ ቅርጹን ቀጥ አድርገህ አንሳና አርማታው ስንት እንደወረደ ለካ። በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር የሆኑት የናሙና ኪዩቦች በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራሉ፤ ውጤቱ ሲመጣ ከየትኛው ሙሌት እንደተወሰዱ እንድታውቅ ቀኑን ጻፍ።

አማካሪ ቢሮው ንጹሕ ነው፣ ወንበርም አለ። ሶፍትዌር ታያለህ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት (ተቋራጩ ለሠራው ሥራ የሚያቀርበው የክፍያ ጥያቄ) እንዴት እንደሚመረመር ትማራለህ። ቴክኦፍ (ከድሮዊንግ ላይ የሥራ መጠን መለካት) ላይ ቢምና ኮለን የሚገናኙበት አርማታ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር፣ የበርና የመስኮት ክፍተት ሳይቀነስ ሲቀር የሚያዘው እዚያ ነው። ጉድለቱ ለተማሪ የሚደርሰው ሥራ ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒና የድሮ ድሮዊንግ መገልበጥ መሆኑ ነው። ከተቻለ ሳይት ገብቶ የአማካሪውን ተጠሪ መሐንዲስ መከተል ሁለቱንም ያስገኛል።

የሳይቱ ትልቁ ችግር ተማሪን ስቶር ላይ አስቀምጦ ሲሚንቶ ማስቆጠር ነው። ሁለት ቀን ይጠቅማል፣ የከረጢት ቁጥር ከተሞላው አርማታ ጋር ሲነጻጸር ብክነት ያሳያል፤ ሁለት ሳምንት ከሆነ ግን የዩኒቨርሲቲ አማካሪህን ጥራና ነገሩን አንሳ። ክፍያ አትጠብቅ፤ የምሳና የትራንስፖርት ወጪህን ከቤት አስበህ ውጣ። ሄልሜት ይሰጡህ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ። ጫማው ግን የራስህ ነው፤ ፎርምወርክ የተነሳበት ወለል ሚስማር በወጣበት ጣውላ የተሞላ ስለሆነ ስኒከር አድርገህ አትግባ። የዕለት መዝገብህን በየሳምንቱ ዓርብ አስፈርም። መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ለማስፈረም ያቆየ ተማሪ ኢንጂነሩ ወደ ሌላ ሳይት ተዛውሮ ይጠብቀዋል፣ ያለ ፊርማ ደግሞ ሪፖርቱ ዋጋ የለውም።