ድሬ ላይ ርካሽ መጠጥ፦ ከዋጋው በፊት ፍሪጁን እዩ

ድሬዳዋ ውስጥ ርካሽ ግሮሰሪ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ በርካሽ ዋጋ ቀዝቃዛ ቢራ ማግኘት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ግማሹ ሳይጠጣ ይሞቃል። ሳይቀዘቅዝ የመጣማ ገና ቆርኪው ሲነሳ አረፋው ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። የቢራ ጋዝ በቅዝቃዜ ፈሳሹ ውስጥ ይያዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በጥቂት ብር የረከሰው ቤት ሩቡን በአረፋ ካስቀረባችሁ፣ ከጎኑ ያለው ወደድ ያለው ቤት ረክሶ ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ቤቶቹን የምንመዝነው በተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን በቅዝቃዜና በልክ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግሮሰሪ ነው። ከዚራ ውስጥ፣ ሳቢያን፣ አዲስ ከተማ፣ በየመንደሩ አለ፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሪጅ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ደጁ ላይ ጥላ። ሰርቪስ ቻርጅ የለም፣ ምግቡም ቢኖር ጥብስ ወይም ከጎረቤት የሚመጣ ሳምቡሳ ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት የፍሪጁን በር ተመልከቱ። ጠርሙሶቹ ላይ ጤዛ ካለ ቀዝቅዘዋል። ደረቅና ጥርት ብለው የሚያበሩ ከሆነ ገና አሁን የገቡ ናቸው፤ በሩ በየደቂቃው በሚከፈት የመስታወት ፍሪጅ ውስጥ ሞቆ የገባ ጠርሙስ በደንብ እስኪቀዘቅዝ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። አስተናጋጁ «ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል?» ብሎ ሲጠይቅ «ኖርማል» ማለት ደጋው አገር ያለው ትርጉም የለውም። አዲስ አበባ ላይ ኖርማል ቢራ ይጠጣል፤ ድሬ ላይ ኖርማል ማለት ሙቅ ማለት ነው።

ብዙ ቤት አዲሱን ጠርሙስ ከፊት ይደረድራል፣ አስተናጋጁም ለእጁ የቀረበውን ያነሳል። «አቦ፣ ከኋላ ካለው አውጣልኝ» ብትሉ ማንም ቅር አይለውም። ድሬ አንቱታ የማይበዛባት፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አንተ የሚባባልባት ከተማ ናት፤ የፈለጋችሁትን በግልጽ መጠየቅ እንደ ንቀት አይቆጠርም። ጠርሙሱ ሲመጣ ቆርኪው ሳይነሳ ሆዱን በመዳፋችሁ ያዙት። አንገቱ ቀዝቅዞ ሆዱ ለብ ካለ መልሱት፤ ከተከፈተ በኋላ ግን የእናንተ ነው።

የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ነው። ስለዚህ የሐረር ቢራ እዚህ ሲደርስ መንገድ አልበላውም። የሚበላው ድሬ ከገባ በኋላ ነው፤ ሳጥኑ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ሲውል። ሙቀት ቢራን ያስረጀዋል፣ ጣዕሙ የረጠበ ካርቶን ካርቶን ይላል። አረንጓዴ ጠርሙስ ደግሞ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ፀሐይ ሲነካው ሽታው ይለወጣል፤ ቡናማው የተሻለ ይከላከላል። ሳጥን ደጅ ላይ ደርድሮ የሚያውል ቤት ፍሪጁ የቱንም ያህል ቢያቀዘቅዝ ያንን ጣዕም አይመልሰውም። እንዲህ ያለውን ቤት እለፉት። ሌላው ቤት ላይ ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ፣ ከሁለት ብራንድ በቅርቡ የተመረተውን ምረጡ።

ሰዓቱ ከቤቱ ምርጫ እኩል ዋጋ አለው። የድሬ ቀን ከምሳ በኋላ ይቆማል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ በርጫው ይያዛል፣ መንገዱ ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት ግሮሰሪው ባዶ ስለሆነ ፍሪጁ ሳይከፈት ያቀዘቅዛል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን የቃመው ሁሉ ለጨብሲ (ከጫት በኋላ ለሚጠጣው መጠጥ) ይወጣና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጁ ይገለበጣል። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚመጣው ቢራ ብዙውን ጊዜ ከሳጥን ወደ ፍሪጅ ከገባ ሰዓት ያልሞላው ነው። ምርጡ ቀዝቃዛ ቢራ ያለው ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ፀሐይዋም ዘንበል ብላለች፣ የከዚራ ዛፎችም ጥላቸው ረዝሟል። ቀን ላይ መብራት ጠፍቶ ከዋለ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ጄኔሬተር ያለውን ቤት ፈልጉ፤ ያ ቀን ሁለት ሦስት ብር የሚጨመርበት ቀን ነው።

ድራፍት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጃምቦ ከጠርሙስ ይረክሳል የሚባለው በደንብ ሲቀዳ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጃምቦ ላይ ሩቡ አረፋ ከሆነ የቀራችሁ 375 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጠርሙሱ ደግሞ 330 ሚሊ ሊትር ነው። አረፋው ሲወርድ ጥቂት ይጨምራል እንጂ ልዩነቱ የሁለት ጉንጭ ያህል ነው። ብርጭቆው ስንት እንደሚይዝ ካላወቃችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ግዙና ባዶው ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡት፤ ከጠርሙሱ ውስጥ የተረፈው ውሃ የብርጭቆው ጉድለት ነው። ውሃውን ለመጠጥ ትፈልጉታላችሁ፣ አይባክንም።

ድሬ ላይ ድራፍት አረፋ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው ያለው መስመር መሞቁ ነው። ማቀዝቀዣው ባንኮኒው ሥር ሆኖ በርሜሉ ጓሮ ሙቀት ላይ ከተቀመጠ፣ ቆይቶ የሚቀዳው የመጀመሪያው ጃምቦ በሙሉ አረፋ ይወጣል። ጥሩ ቀጂ ያንን ይደፋዋል፤ መጥፎው ለእናንተ ያመጣዋል። ስለዚህ ድራፍት ሰው በሚበዛበት ቤት፣ ከሌላው ጠረጴዛ በኋላ ማዘዝ ይሻላል። ከጠርሙስ በተቃራኒው ነው፤ ጠርሙስ ቤቱ ጭር ሲል፣ ድራፍት ቤቱ ሲደምቅ። ቀጂው ብርጭቆውን አጋድሞ በጎኑ ካልቀዳ፣ ወይም አረፋውን በማንኪያ እየጠረገ እንደገና ከሞላ፣ ጋዙ አልቋል ማለት ነው፤ ስትጠጡት አያረካም። ኮምጠጥ የሚል ወይም የቅቤ ሽታ ያለው ድራፍት መስመሩ ያልታጠበ ነው። መስመር በሁለት ሳምንት አንዴ መታጠብ አለበት። ብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተጣበቁ አረፋዎች ካያችሁ ደግሞ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለ። «በንጹሕ ብርጭቆ ቀይርልኝ» ማለት ይበቃል።

የሆቴል ባር ከመግባታችሁ በፊት ዝርዝሩ ታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ዋጋው ሰርቪስና ቫት ካልጨመረ፣ 100 ብር የተጻፈበት ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲታከል 110፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ከግሮሰሪው ጋር ስታወዳድሩ ይህንን ይዛችሁ ይሁን። ለገሀር አካባቢና ከዚራ ያሉት አሮጌ ሆቴሎች ግቢያቸው ደስ ይላል፤ አንድ ቢራ በዛፍ ጥላ ለመጠጣት ይገባቸዋል። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ግን ወደ ግሮሰሪ ተሻገሩ።

ሒሳብ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከባዶ ጠርሙስ ይጀምራል። ባዶዎቹን አስተናጋጁ ወዲያው እንዲያነሳ አትፍቀዱ፣ ጠረጴዛው ሥር ይቆዩ። ድራፍት ከሆነ ቦኖው በየጃምቦው ይቆረጥና እናንተ ጋ ይቀመጥ። ቡድን ሆናችሁ ስትመጡ አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ። ኦቾሎኒ ሲመጣም በነፃ ነው ወይስ በዋጋ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ስሙ የታወቀ ነው፣ ጨው ሲበዛበት ግን ሌላ ቢራ ያስዝዛል።

ቱርቦ በጆግ ሲመጣ ርካሽ ይመስላል፤ ለአራት ሰው ሲካፈልም ርካሽ ነው። ግን ምን እንደገባበት እወቁ። 12 በመቶ አልኮል ያለው ነጭ ወይን ሩብ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ እና 300 ሚሊ ሊትር ስፕራይት ብንቀላቅል 880 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አልኮሉም 5.3 በመቶ አካባቢ ነው። ከቢራ አያንስም፣ ጣፋጭ ስለሆነና በረዶ ስላለበት ግን እንደ ለስላሳ ይወርዳል። ጂን የሚጨምሩ ቤቶችም አሉ፤ ዓይናችሁ እያየ ይቀላቀል። በረዶው ከምን ውሃ እንደተሠራም ጠይቁ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው እሱ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ጣዕሙን ጆጉ ውስጥ ይተዋል።

በመለኪያ ከሚሸጡት ኡዞ ለድሬ ሙቀት የተሠራ ይመስላል። አንድ መለኪያ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጨምሩበት የአኒሱ ዘይት ከአልኮሉ ተለይቶ ወተት ይመስላል፤ አራት አምስት እጥፍ ውሃ ስለሚቀበል አንድ መለኪያ ረጅም ጊዜ ያስቀምጣል። ከሁሉም በጥቂት ብር ብዙ የሚያቆየው ይህ ነው። አረቄ ግን ቀን ላይ አይመከርም። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ ይደርሳል፣ በሙቀት ላይ ሰውነት ያደርቃል፤ የት እንደወጣ የማይታወቅ፣ ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው።

ጠጅ ቤት ጥቂት ነው፣ ቢገኝም መመርመር አለበት። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ የሚለው ልክ በሙቀት አገር ቶሎ ይፈላል፤ ደጋ ላይ ሳምንት የሚቆይ ጣፋጭ ጠጅ እዚህ በሁለት ቀን ይጎመዝዛል። ለጋ ከፈለጋችሁ መቼ እንደተጠለለ ጠይቁ። በስኳር የተጣለው አፍ ላይ ይጣፍጥና ወዲያው ይጠፋል፤ የማሩ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ብርሌው እስከ አንገቱ ካልሞላ ሙሉ አይደለም።

ቤት ውስጥ ለሚጠጣ ሰው ከማከፋፈያ በሳጥን መግዛት ከሁሉም ይረክሳል። 24 ጠርሙስ 8 ሊትር አይሞላም። ባዶ ሳጥንና ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ግን መያዣ ያስከፍሏችኋል፤ የተሰበረ ወይም አንገቱ የተፈረፈረ ጠርሙስም አይቀበሉም። ለማቀዝቀዝ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ መተው ትልቁ ጥፋት ነው፦ ቢራ ከዜሮ በታች 2 እና 3 ዲግሪ ላይ ይረጋል፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ቢተርፍም ሲቀልጥ ጋዙ ሊቀንስ ይችላል። ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ ጠርሙሱን እስኪሸፍን ውሃ፣ ሁለት እፍኝ ጨው። ጠርሙሱን አልፎ አልፎ ብታሽከረክሩት በ20 ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። በረዶ ብቻውን ያለ ውሃ ጠርሙሱን በነጥብ በነጥብ ስለሚነካው ያን ያህል አይፈጥንም።

አልኮል ለማይጠጣ ሰው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ይሻላል። እዚያ ቢራ አትፈልጉ፤ ጭማቂ፣ ሻይ በወተትና ትኩስ ሳምቡሳ ነው ያለው፣ ዋጋውም ከከዚራ ይቀንሳል። ስፕሪስ ስታዙ ውሃና ስኳር እንዳይገባ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አቮካዶው ከታች ወፍሮ፣ ማንጎው ወይም ፓፓያው በላዩ ሳይቀላቀል መቆም አለበት፤ ቀለሙ ወዲያው ከተደባለቀ ውሃ አለበት። ሎሚውን ለብቻ አስመጡና ራሳችሁ ጭመቁበት። በረመዳን ቀን ላይ አብዛኛው ይዘጋል፣ ከፍጡር በኋላ ግን ሌሊቱን ይደምቃል።

ሐረር ላይ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ምሽቱ ራሱ ያቀዘቅዛል፣ ኖርማል ቢራም እዚያ ይጠጣል። ነገር ግን ለቢራ ብሎ ሐረር ወጥቶ ማታ መመለስ አያዋጣም፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ጠጥቶ የሚነዳበት መንገድ አይደለም፣ ሚኒባሱም ሲመሽ ይጠፋል። ከሄዳችሁ እዚያው እደሩ።

ድሬ ውስጥ ማታ ለመመለስ የመስመር ባጃጅ ካለቀ የሚቀረው ኮንትራት ነው። የኮንትራቱን ዋጋ ስትቀመጡ ጠይቁ እንጂ ስትነሱ አይደለም፤ ከ4 ሰዓት በኋላ በር ላይ የቆመው ባጃጅ ከሦስት ቢራ በላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሁለት መቶ ሜትር ወደ ዋናው መንገድ ብትራመዱ የሚያልፈውን ባጃጅ በቀነሰ ዋጋ ታገኛላችሁ።