ለጠመንጃው መጀመሪያ መኝታ የሠሩለት አባት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ፣ አሮጌ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁ ወይም አልጋ ሥር ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁ ሰዎች፣ ይህቺን አንብቡልኝ። ከአራት ወር በላይ የተቃጠልኩበትን ነገር አንድ አባት በሦስት ቅዳሜ ጨርሰውልኛል። ስሜን አደባባይ እንዳታወጣ ብለውኛልና አላወጣም። እኔ አባባ ነው የምላቸው፣ እዚህም አባባ ይሁኑ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሀገራችን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው እየተሸጡ ነው። ምን የሌለ አለ። አንድ ጓደኛዬ ፎቶ አሳየኝና ሁለቴ ሳላስብ አንድ ውጅግራ ገዛሁ። ለማታውቁት፣ ውጅግራ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳዮች ጠመንጃ ነው። «ፉዚል ግራ» የሚለው በእኛ ሰው አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ። በፈረንጆቹ 1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝን ረጅም ነገር ነው። ዓድዋም ዘምቷል። የእኔው ብረት ላይ 1877 የሚል ቁጥር አለ።

ሳጥኑን ስከፍት ልቤ ቀጥ አለ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ግን ሰደፉ ጎን ላይ በቢላ የተጫረች አንዲት ፊደል አለች። «ወ»። ወልዴ ይሁን ወርቁ ማን ያውቃል። የአያቴ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ፣ ውጅግራም ነበራቸው፣ ስማቸው ግን በ«ወ» አይጀምርም። ቢሆንም ያቺን ፊደል ካየሁ በኋላ ጠመንጃው እንግዳ አልሆነብኝም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ። ቤቶቹን አልጠራም፣ እነሱም እንጀራቸውን ይብሉ።

የመጀመሪያው ቤት «ቀላል ነው» አለኝ። ይህን ቃል የሚል ባለሙያ ስታገኙ እቃችሁን ይዛችሁ ሩጡ። እኔ አልሮጥኩም። ጠመንጃውን ጥርሱ ምንም ባልለበሰ ሞርሳ (ብረት ጨምቆ መያዣ) ጥርቅም አድርጎ አስሮ ብሎኑን ሊፈታ ታገለ። ብሎኑ አልተፈታም፣ አናቱ ተላጠ። የሞርሳው ጥርስ ብረቱ ላይ ተነከሰ፣ ሰደፉ ላይ ያለው ስንጥቅ በአንድ ጣት ያህል ረዘመ። ይህን ሁሉ አድርጎ ገንዘብ ተቀበለኝ። ሁለተኛው ቤት ቀብድ ወስዶ ሦስት ወር ሙሉ «በሚቀጥለው ሳምንት» ሲለኝ ከረመ። ሄጄ ሳየው ጠመንጃው እኔ ያስቀመጥኩበት ጥግ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሦስተኛው ደግሞ «ሰደፉን ጣልና አዲስ ግዛ» አለኝ። ፊደሏን ሳሳየው ትከሻውን ሰበቀ። እሱ ምን ያድርግ፣ ለእሱ ጭረት ናት።

አባባን ያገኘኋቸው ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፣ ያውም በሰው በሰው። አዲስ አበባ ሳሉ ቶርኖ ቤት ነው ያደጉት። እዚህ መጥተው ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ ጋራዣቸውን ወርክሾፕ አደረጉት። የሚነኩት በፈረንጆቹ 1898ና ከዚያ በፊት የተሠራውን ብቻ ነው፣ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጥንታዊ የሚለው እሱን ስለሆነ። ከዚያ በኋላ የተሠራ ይዛችሁ ብትሄዱ «ፈቃድ ያለው ቤት ውሰደው» ብለው ይመልሷችኋል።

ይዤው ስገባ «ባዶ ነው አባባ» አልኳቸው። «የአንተን ቃል አልጠየቅኩህም ልጄ» ብለው ከፍተው በዓይናቸው አዩ፣ በጣታቸውም ዳበሱ። ከዚያ ስንጥቁን አዩ። የሞርሳውን ንክሻ አዩ። «ማነው እንዲህ የበላው?» አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሐኪም ቤት ልጄን ይዤ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

በዚያ ቅዳሜ ጠመንጃውን ምንም አልነኩትም። «መጀመሪያ መኝታውን እንሥራለት» አሉ። ሞርሳው ብረቱን እንዳይነክሰው በመሃል የሚገባ መያዣ ማለታቸው ነው። ወፍራም ጠንካራ እንጨት አመጡ። በጠመንጃው ቱቦ ውፍረት ልክ በሱት። ከዚያ እንጨቱን በቀዳዳው መሃል በመጋዝ ለሁለት ከፈሉት። እኔ ነገሩ አልገባኝም፣ ደህናውን እንጨት ለምን ይቆርጡታል ብዬ። «መጋዙ የበላት ታህል ክፍተት ትቀራለች አይደል? እሷ ናት የምታጠብቀው። እሷ ከሌለች ሁለቱ እንጨት እርስ በርሱ ይገፋፋል እንጂ ብረቱን አይዝም» አሉኝ። ቱቦው ወደ አፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ለፊቱ ሌላ፣ ለኋላው ሌላ ሠሩ። ውስጡን በቆዳ አለበሱት። ቆዳው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የራሳቸው ያረጀ ቀበቶ።

አሁን እንባዬ የመጣበት ላይ ልደርስ ነው። ለሰደፉ ደግሞ እንደ ሕፃን አልጋ ያለ ጎድጓዳ ማስቀመጫ ጠረቡለት። ሰደፉን አስተኝተው ሲለኩ «ወ»ዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ሰደፉን አንስተው እዚያች ቦታ ላይ ቆዳውን በመስኮት ቅርጽ ቆረጡት፣ ከሥሩ ያለውን እንጨትም ጎድጎድ አደረጉት። «ይቺን ማንም አይጫናት» አሉ። አልጠየቅኳቸውም እኮ! ስለ ፊደሏ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ ከሦስተኛው ቤት በኋላ አፍሬ ትቼዋለሁ።

አያቴ ትዝ አሉኝ። ውጅግራቸውን ሲወለውሉ ሞርሳ አያውቁም፣ ጉልበታቸው ነበር ሞርሳው። አሮጌ ጋቢ ጭናቸው ላይ ያነጥፉና ጠመንጃውን ያስተኙበታል። ቅቤ በነካ ጨርቅ ቀስ እያሉ ያሹታል። እኛ ልጆች ስንጠጋ በዓይናቸው ብቻ ይመልሱናል። አንድ ክረምት ለልጅ ትምህርት ብለው ሸጡት። ጋቢው ግን ብዙ ዓመት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አልለበሱትም፣ አልሰጡትም። እናቴ ስታወራ እስከ ዛሬ ሽታው አለ ትላለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሁለተኛው ቅዳሜ ብሎኖቹ ወጡ። እንዴት ወጡ አትበሉኝ። ዘይት አድርገው አሳድረዋቸው ነበር፣ ካቻቪቴውንም ለእያንዳንዱ ብሎን ልክ እንዲሆን በሞረድ ሲሞርዱ አይቻለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም። ስንጥቁ ውስጥ ማጣበቂያ አስገብተው በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ እንደ ፋሻ ጠቀለሉት። በሦስተኛው ቅዳሜ ፈቱት። አሁን ስንጥቁ የቱ ጋ እንደነበር የማገኘው እያወቅኩ ስለምፈልገው ነው። የሞርሳው ንክሻ ግን አለ። «እሱን ባጠፋ ብረቱንም አብሬ ልበላ ነው፣ ይቅር» አሉኝ። ሊሠሩት ሲችሉ ገንዘብ ይበቃኛል ብለው የሚተዉ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

የጠየቁኝ 180 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ቤት ለማበላሸት ከዚያ በላይ ወስዶብኛል። ልጨምር ብል ተቆጡ። ስወጣ ደግሞ መያዣዎቹን በሙሉ በጨርቅ ጠቅልለው አሸከሙኝ። «እኔ ምን ያደርግልኛል? በእሱ ልክ ነው የተሠራው። ስትወለውለው እዚህ ላይ አስተኛው» አሉ። ባለቤቴ ከጠመንጃው ይልቅ እነዚህ እንጨቶች ቤት አጣበቡ እያለች ነው። እውነቷን ነው፣ የምግብ ጠረጴዛው ግማሽ የእነሱ ሆኗል።

አባባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው።

እናንተ ደግሞ የአባት፣ የአያት ቅርስ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለማንም አትስጡ። እባካችሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እሁድ አይደወልላቸውም። እጃቸው ላይ ሥራ ካለ ጠብቁ ይሏችኋል፣ ጠብቁ። ስትሄዱም ባዶ ነው ብላችሁ አትድከሙ፣ ራሳቸው ያያሉ።