በአሜሪካን ፉትቦል ቅብብል ማደናቀፍ፦ የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ቅጣት ይሻላል ወይስ የኮሌጁ?

ኳሱ 45 ያርድ ርቆ ተወርውሯል። ተከላካዩ ኳሱ ሳይደርስ የተቀባዩን እጅ ጎተተ። ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነችውን ቢጫ ጨርቅ ወረወረ።

ኤንኤፍኤል፦ ኳሱ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ ይቀመጣል። 45 ያርድ በአንድ ውሳኔ!
ኮሌጅ፦ ቅጣቱ ከ15 ያርድ አያልፍም።

በሁለቱም አጥቂው ቡድን ኳሱን ወደፊት ለመግፋት አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል።

ስጋቱስ? በኤንኤፍኤል የዳኛ ስህተት ጨዋታ ይገለብጣል። በኮሌጅ ደግሞ የተቀደመ ተከላካይ ሆን ብሎ ይጎትታል፤ 15 ያርድ ከጎል ይረክሳላ። ይሄ ያናድደኛል።

ያልተነፋ ጥፋትን ግን ሁለቱም አያድኑም። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ሴንትስ ከራምስ ሲጫወቱ ግልጽ ጥፋት ታለፈ። ኤንኤፍኤል ለቀጣዩ የውድድር ዘመን በቪዲዮ እንዲታይ ፈቀደ፣ ከዚያ ተወው።

ረጅም ኳስ ለሚወረውር ቡድን የኤንኤፍኤሉ ይመቻል። ዳኛው ሲጠራጠር ግን የኮሌጁ ጉዳቱ ያንሳል።