ጥጥ ለማቅለም ሲዘጋጅ፦ ኮስቲክ ሶዳ ወይስ የባክቴሪያ ኢንዛይም?

ጥጥ ቀለም የሚጠጣው በላዩ ያለው ፔክቲን (ሙጫ መሰል ነገር) እና ሰም ሲለቅ ነው። ኮስቲክ ሶዳ መፍላት ይፈልጋል፤ በባሕር ዳር ከፍታ፣ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ክፍት ገንዳ ከ94 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ጊዜው ይረዝማል። ከዚያም በአሲድ ማርከስና ደጋግሞ ማለቅለቅ አለ።

ከባሲለስ ባክቴሪያ የሚገኘው ፔክቴት ላዬዝ የተባለ ኢንዛይም በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8–9፣ በ55–60 ዲግሪ ፔክቲኑን ይቆርጣል፤ የክሩን ዋና አካል ሴሉሎሱን ስለማይነካ ክሩ አይዳከምም። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በካልሲየም እጥረት ነው፦ ኢንዛይሙ ያለ ካልሲየም አይሠራም፣ ኢዲቲኤ የተባለው ማዕድን አሳሪ ኬሚካል ደግሞ ካልሲየሙን ይነጥቀዋል። ስለዚህ ኢዲቲኤ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ሰሙ እንዲቀልጥም ከማርጠቢያ ሳሙና ጋር እስከ 80–90 ዲግሪ ይሞቅ። የውሃ ጠብታ ጨርቁ ላይ ሳይሰርግ ከቆየ ሰሙ አልለቀቀም።

ለጥቁርና ለሰማያዊ ጨርቅ ኢንዛይሙን እንመርጣለን፤ ዓባይ አጠገብ ሲሠራ የእጣቢው መለዘብ ትልቅ ነገር ነው። ጥጡ ውስጥ የቀረ የፍሬ ቅርፊት ስብርባሪ ግን ኢንዛይሙን ስለሚቋቋም ለነጭ ጨርቅ ኮስቲኩ ይሻላል።