በር ያለው ባኞ ወይስ ደረጃ የሌለው ሻወር? ጅማ ላለ ጠባብ መታጠቢያ ቤት

ሰሞኑን ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ወላጆቻቸው ጉልበት ከድቷቸዋል። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት በጎኑ በር ያለው ባኞ ፎቶ ይልካል፤ «ለእማዬ ይሄን እናስገባላት» ይላል። የኔ መልስ አይቀየርም፤ ሻወሩን አስተካክሉ።

ከብሩ እንጀምር። አሜሪካ ርካሽ የሚባለው ባለ በር ባኞ 2,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ያውም ማስገጠሚያውን ሳይጨምር። በሐምሌ 2016 ብር ከመዳከሙ በፊት እንኳ የሚቀመስ አልነበረም። አሁን ዶላሩን በ130 ብር ብቻ ብትመቱት 260,000 ብር ይመጣል። መርከቡ፣ ቀረጡ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጫንበት ሒሳብ ገና አልተነካም። ደግሞ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ70 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የመታጠቢያ ቤታችሁን በር ለኩትና ግድግዳ ማፍረሻውንም ደምሩ።

ሰውየው ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ተቀምጦ ነው ውሃው የሚሞላው። ታጥቦ ሲጨርስም ውሃው ፈስሶ እስኪያልቅ በሩ አይከፈትም። 200 ሊትር የሚፈልግ ባኞ አለ። ባለ 50 ሊትር ቦይለር 65 ዲግሪ ቢያሞቅ፣ ከቀዝቃዛው ተቀላቅሎ 125 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ቢወጣው ነው። መሃል ላይ ውሃ ቢሄድስ? እናታችሁ በክረምት ጠዋት ራቁታቸውን ሊጠብቁ ነው?

የበሩ ጎሚኒ ሲደርቅ ያንጠባጥባል። የዚያኑ ሞዴል ጎሚኒ የጅማውን ገበያ ሂርማታ መርካቶን ብታስሱ አታገኙም። «በሲሊኮን እዘጋዋለሁ» የሚል ባለሙያ ግን ሞልቷል። ይዘጋዋል፤ በሩንም ጭምር።

ሻወሩ ሲሆን ደፉን አስፈርሱት፣ ወለሉ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ ይዘንብል፣ የማያብረቀርቅ ሴራሚክ ይነጠፍ። ከዚያ መያዣ ብረት፣ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ስጠይቅ ስሱ 900፣ ወፍራሙ 2,500 ብር ተባልኩ። ሻጩ «ሁለቱም 304 ነው» አለኝ፤ 304 ዝገት የሚቋቋም የብረት ዓይነት ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ አጥብቆ ከያዘው ተዉት። ካልያዘው ግን 304 ነው ብላችሁ አትደምድሙ። 201 የሚባለው ዝቅ ያለ ዓይነትም ብዙውን ጊዜ ማግኔት አይዘውም፤ በእርጥበት ግን ቶሎ ይዝጋል፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጎረቤቴ ያስገጠሙት ርካሹ ቪሱ ሥር ቡናማ ዕንባ እያወረደ ሴራሚኩን አበላሽቶታል።

ብረቱ ደህና ቢሆን እንኳ ግድግዳውን እዩ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸር (ቪስ የሚገባበት ፕላስቲክ) ብቻ ከሆነ ሰው ሲደገፍበት ተነቅሎ ይወጣል። ቀዳዳው በኮንክሪት ይሞላ፣ ወይም ብሎኑ ግድግዳውን ተሻግሮ በወዲያኛው በኩል በላሜራ ይታሰር። ጭቃ ቤት ከሆነ እንጨቱን ፈልጎ እሱ ላይ ነው።

ለመቀመጫ እግሩ ጎማ ያለው የሻወር ወንበር ግዙ። የጅማ ባለ ሦስት እግር ባርጩማ ለቡና ነው፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ አታስቀምጡት።

ሐኪም ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀመጥ ያለው፣ ቤቱ ሰፊ፣ ሮቶውና ባለ 80 ሊትር ቦይለሩ ያለው ሰው ባኞውን ቢያስመጣ አልከራከርም። እሱም ቢሆን ትርፍ ጎሚኒ አብሮ ያስልክ።