ለቲቢ ክፍሏ ሲስተር፣ ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ታላቅ ወንድሜ ሻለቃ ነው። ከጦርነቱ በሕይወት ተመለሰልን ብለን ደስ ብሎን ሳናበቃ ሳል ያዘው። "የምሽግ ብርድ ነው፣ ይተወኛል" ይላል። ሰውነቱ እያለቀ፣ ሌሊት አንሶላው በላብ እየራሰ እንኳ መልሱ ያው ነበር። አንድ ክሊኒክ ሄዶ የሳል ሽሮፕ ብቻ ይዞ ተመለሰ።

በመጨረሻ የጦር ጉዳተኞች የሚታከሙበት ሆስፒታል ወሰድነው። የቲቢ ክፍሏ ሲስተር ሲስል እንደሰማችው ማስክ ሰጠችው፣ መስኮቱን ከፈተች፣ አክታውን የቲቢ ተህዋሲን ለሚለየው ጂን ኤክስፐርት ለተባለ ምርመራ ላከች። የሳንባ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ ተህዋሲው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ አልነበረም።

ወንድሜ ማዘዝ እንጂ መታዘዝ አይሆንለትም። ከወታደሮቹ ጋር ወረፋ መያዙ ራሱ አሳፍሮት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እሷ ግን አልተቆጣችውም፣ አላባበለችውምም። "ሻለቃ፣ ምሽግ ውስጥ አጠገብዎ የሚያድሩት እነማን ነበሩ?" ብላ ጠየቀችው። ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እዚያው እየደወለ "ሂዱና ተመርመሩ" ማለት ጀመረ። ተጨናንቆ ማደርና የምግብ እጥረት ባለበት ይህ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት የገባው ያኔ ይመስለኛል።

ሕክምናው 6 ወር ነው። መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቱ ሊቀላ እንደሚችል አስቀድማ ስለነገረችው ሲያየው አልደነገጠም። ከአራቱ አንዱ ኤታምቡቶል ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ፊደል እያስነበበች "ቀይና አረንጓዴውን ይለያሉ?" ትለው ነበር። እንዲህ ተከታትላ የምትጠይቅ ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ሳሉ ሲቆምለት መድኃኒቱን ሊተው ፈለገ። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ተህዋሲው ሳይሞት ከተቋረጠ በሽታው ያገረሻል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል፣ ያኔ ሕክምናው በጣም ይከብዳል። ይህን አስረድታ፣ ክኒኑን ፊቷ ካልዋጠ አትለቀውም ነበር። ሌሊት እየባነነ እንደሚነሳ ስትሰማ ደግሞ ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ላከችው።

አሁን ጨርሷል፣ አክታው ንጹህ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ከግንባር የተመለሰና ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስለው ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የት እንደምታገኟት እነግራችኋለሁ።