ከምቱ በፊት ድምፅ፦ ለሴቶች የሚሰጥ ራስን የመከላከል ሥልጠና ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ የቴኳንዶና የካራቴ ማሠልጠኛዎች በየሰፈሩ ቢኖሩም፣ ዓላማው ቀበቶና ውድድር ሳይሆን ጥቃትን መከላከል ብቻ የሆነ፣ ለሴቶች ተብሎ የተዘጋጀ ሥልጠና ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔ የተከታተልኩት በአንዲት ሴት አሠልጣኝ የሚመራና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ነው። ለመመዝገብ የምታስብ ሴት ገንዘቧንና ጊዜዋን ከማውጣቷ በፊት ምን እንደምታገኝ፣ ምንስ እንደሚጎድላት ብታውቅ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

የአካል እንቅስቃሴው ክፍል በጥቂት ስልቶች የተወሰነ ነው፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ረጅም ቅንብር ሊያስታውስ ስለማይችል ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የተያዘን እጅ በአጥቂው አውራ ጣት በኩል ማስለቀቅ፣ የራስን ጣት ላለመስበር በቡጢ ፈንታ በመዳፍ ግርጌ አፍንጫን መምታት፣ ሰውየው ሲጠጋ ክርንና ጉልበትን መጠቀም፣ መሬት ላይ ሲወድቁ ደግሞ ዳሌን በኃይል ወደ ላይ በመግፋት ከላይ የተጫነውን ሰው ሚዛን ማሳት ተደጋግመው ይሠራሉ። ልምምዱ በስፖርት ልብስ ብቻ አለመሆኑን በተለይ ወድጄዋለሁ፤ በረጅም ቀሚስ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቦርሳ አንግተን ሠርተናል፣ ነጠላችን ሲሳብም ለማስመለስ ከመታገል ይልቅ ትቶ መሮጥን ተምረናል። አሠልጣኟ የማንንም ሰውነት ከመንካቷ በፊት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ከዚህ ቀደም ጥቃት የደረሰባት ሴት በክፍሉ ውስጥ ልትኖር እንደምትችል የምታውቅ አሠልጣኝ ይህን አትረሳም።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ግን ለድምፅ ለተሰጠው ትኩረት ነው። አብዛኞቻችን ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ተመክረን ያደግን በመሆናችን፣ በሙሉ ሳንባ መጮህ ከመምታት ይልቅ ከብዶን ነበር። አሠልጣኟ ዝም ብሎ «ኡኡ!» ከማለት ይልቅ አጥቂውንና ድርጊቱን ለይቶ መናገርን ታስተምራለች። በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ «ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ እጅህን አንሳ!» የሚል ትእዛዝ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ለተሳፋሪው ሁሉ ስለሚያስታውቅ፣ ሰው ጣልቃ ለመግባት ይቀለዋል፤ ሰውየውም የሚደበቅበት ያጣል።

ከዚህ የሚቀጥለው ክፍል ስለሚታወቅ ሰው ነው፤ ሥልጠናውን ከሌሎች የሚለየውም ይኸው ይመስለኛል። ሴቶችን የሚያጠቃው ብዙ ጊዜ በጨለማ የሚጠብቅ እንግዳ ሳይሆን ዘመድ፣ አለቃ፣ አከራይ ወይም የወንድም ጓደኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት እንዳንከለክል የሚያስረን ደግሞ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ከሥራ በኋላ «ላድርስሽ» ብሎ የሚጫንን አለቃ አንዷ ተሳታፊ ሆና ስትጫወት፣ ሌላዋ ምክንያት ሳትደረድርና ይቅርታ ሳትጠይቅ እንቢ ማለትን ትለማመዳለች። ይህ ጊዜ ማባከን የሚመስላት ካለች፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመውን የካናዳ ጥናት ልጥቀስላት። በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች መካከል፣ ከሚያውቁት ሰው የሚመጣን አደጋ አስቀድሞ መለየትን፣ የውስጥ ማመንታትን ማሸነፍንና መከላከልን አጣምሮ የያዘ የ12 ሰዓት ሥልጠና የተመደበላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር ዕድላቸው 5.2 በመቶ ሲሆን፣ በራሪ ጽሑፍ ብቻ ባገኙት ዘንድ 9.8 በመቶ ነበር።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። መከላከያ ለብሶ እንደ አጥቂ የሚቀርበው ረዳት የመጣው በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙ ስለነበርን ለእያንዳንዳችን የደረሰን ጊዜ እጅግ አጭር ሆነ። ሰው በሙሉ ኃይሉ መምታትን የሚማረው በሙሉ ኃይሉ ሲመታ ስለሆነ፣ ይህ ከሥልጠናው አጋማሽ ጀምሮ ሊደጋገም ይገባ ነበር።

ሕጉም በጥድፊያ ታልፏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕገ ወጥ ጥቃትን መከላከል እንደማያስቀጣ የሚደነግገው፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ነው። አጥቂው ከወደቀ በኋላ መምታቱን መቀጠል ሌላ ጉዳይ መሆኑን ተሳታፊዎች በግልጽ ሊሰሙት ይገባል። ከጥቃት በኋላ ስለሚደረገውማ ከናካቴው አልተነገረም፦ ገላንም ልብስንም ሳይታጠቡ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ እንደሚገባ፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት፣ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያሉ ማዕከላት ሕክምናንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ እንደሚሰጡ መናገር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። በፍርሃት ደርቆ መቅረት የሰውነት ተፈጥሯዊ ምላሽ እንጂ የተጠቂዋ ጥፋት አለመሆኑም በዚያው ሊነሳ በተገባ።

ሰዓቱና ክፍያው ለተማሪዎችና ለቢሮ ሠራተኞች የሚመች ነው። ከእሑድ ከሰዓት በቀር እረፍት የሌላትን የቤት ሠራተኛ ግን ጨርሶ አያስገባም፤ በምትኖርበት ቤት ውስጥ ለጥቃት የተጋለጠችው እርሷ ሆና ሳለ ይህ ያሳዝነኛል፣ አዘጋጆቹንም በቀጥታ ጠይቄአቸዋለሁ።

ባሉት ጉድለቶች ሁሉ ሥልጠናውን እመክራለሁ። በሌላ ቦታ ለመመዝገብ የምታስብ ደግሞ ከመክፈሏ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ከሚታወቅ ሰው ስለሚመጣ ጥቃት ልምምድ አለ ወይ፣ መከላከያ የለበሰ ሰው ስንት ጊዜ ይመጣል፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይገባል።